ሞዘልን በሳይክል፣ ሳይቸኩሉ

ፍራንክፈርት አካባቢ የምትኖሩ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ብቅ ያላችሁ ሰዎች፣ አራት ቀን ከተገኘ ሳይክል ያዙና ወደ ሞዘል ወንዝ ውረዱ። "እኔ ዳገት አልችልም" የሚለው ሰበብ እዚህ አይሠራም። እርግጥ ነው፣ ከወንዙ ግራና ቀኝ ያለው ቀጥ ያለ ተራራ ነው፣ ተራራውም ከአናቱ እስከ እግሩ ወይን ለብሷል። የሳይክሉ መንገድ ግን ከታች፣ ውሃውን ታክኮ ነው የሚሄደው። ከትሪር እስከ ኮብሌንዝ ወደ 200 ኪሎ ሜትር አለ፤ በዚያ ሁሉ ርቀት ወንዙ የሚወርደው መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከወጣችሁ ወዳችሁ ነው የምትወጡት።

ትሪርና ኮብሌንዝ በቀጥታ ቢለካ የሚራራቁት የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ቀሪው ኩርባ ነው። በርንካስቴል ከተማ ላይ ሆናችሁ ትራበን-ትራርባህ የት ነው ብትሉ ከተራራው ጀርባ ይሏችኋል፤ በእግር ጉብታውን አቋርጦ የሚሄድ ሰው በሁለት ሰዓት ገደማ ይደርሳል፣ እናንተ ግን ወንዙን ተከትላችሁ 24 ኪሎ ሜትር ትዞራላችሁ። ስለዚህ ካርታ ላይ በጣት እየለካችሁ አታቅዱ።

የመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት በሁለት ቀን ልጨርስ ብዬ ነበር። ጨረስኩ። የማስታውሰው የፊት ጎማዬን ብቻ ነው። አሁን የምመክረው አራት ቀን ነው፦ ከትሪር ፒስፖርት፣ ከፒስፖርት ትራበን-ትራርባህ፣ ከዚያ ኮኸም፣ በመጨረሻ ኮብሌንዝ። በቀን ከ40 እስከ 55 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ጠዋት ተነስቶ ምሳ ሰዓት አካባቢ አብዛኛውን መጨረስ፣ ከዚያ መዝናናት። ትሪር ላይ ግን ከመነሳታችሁ በፊት ግማሽ ቀን ስጡት፤ ሮማውያን የሠሩት ጥቁር በር፣ ፖርታ ኒግራ፣ ዛሬም ከተማው መሃል ቆሟል። የካርል ማርክስ የትውልድ ቤትም እዚያው ነው፤ በደርግ ዘመን ፎቶውን እያዩ ላደጉት አባቶቻችን አንድ ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩ ሳቅ አይጠፋም።

ባቡሩን በተመለከተ፣ በዶይችላንድቲኬት፣ በመላው ጀርመን በሚሠራው ወርሃዊ ቲኬት፣ የሚሄዱት የክልል ባቡሮች ሳይክል ይጭናሉ። ይህ ጉዞ ባለበት በራይንላንድ-ፋልስ ክልል ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ቀኑን ሙሉ፣ በሥራ ቀን ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ለሳይክል አይከፈልም፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 9 ሰዓት ማለቴ ነው፣ እንዳትሸወዱ። ከዚያ በፊት ከገባችሁ ለሳይክሉ የራሱ ቲኬት ያስፈልገዋል። አንድ ልብ በሉ፦ ከትሪር እስከ ቡላይ (ከትራበን-ትራርባህ በታች ያለች መንደር ናት) ባለው ክፍል ዋናው ባቡር ወንዙን ትቶ በቪትሊህ በኩል ይዞራል። "ከደከመኝ ባቡር እይዛለሁ" የሚለው ዕቅድ ከቡላይ እስከ ኮብሌንዝ ሲሠራ፣ ከቡላይ በላይ ግን ያላችሁ ወደ ትራበን-ትራርባህ የምትገባዋ ትንሿ ባቡር ብቻ ናት። ጉልበታችሁን ካላመናችሁ ከቡላይ ጀምሩ።

በብዙ ቦታ መንገዱ በወንዙ ሁለቱም ዳር አለ፣ እኩል ግን አይደለም። አንዱ ዳር ከመኪና መንገዱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይሄዳል፣ ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል፤ ሌላው ዳር በወይኑና በውሃው መሃል ጸጥ ብሎ ያልፋል። ድልድይ ላይ በደረሳችሁ ቁጥር ቆም ብላችሁ ከፊት ያለውን ካርታ እዩ፣ ዋናው የመኪና መንገድ የሌለበትን ዳር ምረጡ። ቀጣዩ ድልድይ ሩቅ ሊሆን ይችላል። ባይልሽታይን ላይ ሳይክል የምታሻግር ጀልባ አለች።

ቡላይ አጠገብ ባለ ሁለት ፎቅ ድልድይ ታያላችሁ፣ ከላይ ባቡር ከታች መኪና። ከዚያ ወደ ታች ስትሄዱ ብሬም የምትባል መንደር አለች፣ ከበላይዋ ካልሞንት የሚባል ተራራ። እዚህ ሳይክሉን አቁሙ። አውሮፓ ውስጥ ቀጥ ካሉት የወይን እርሻዎች ቁንጮ ከሚባሉት አንዱ ነው። አፈር አታዩም፤ የተሰባበረ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ቀን ፀሐይ ይጠጣና ማታ ሙቀቱን ለወይኑ ይመልሳል። እያንዳንዱ ግንድ ለብቻው አንድ እንጨት ላይ ታስሯል። እኔ ቆሜ ሳይ አንድ ሽማግሌ ባለአንድ ሐዲድ ማሽን ላይ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ ጉልበታቸው ከአገጫቸው እኩል ሆኖ፣ እየተንተከተኩ ወደ ሰማይ ሲወጡ አየሁ። እጃቸውን እንኳ አንስተው ሰላም አሉኝ፣ እኔ ግን እሳቸውን ፈርቼ ነበር።

ዳገት ካማራችሁ በጉዞው አንድ ጊዜ ውጡ፣ ከአንድ አይበልጥ። የእኔ ምርጫ ከቡላይ ማዶ ያለው ማሪየንቡርግ የሚባለው ጉብታ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ያው አንድ ወንዝ ግራም ቀኝም ተጠምዝዞ ይታያል። ሻንጣውን ማደሪያችሁ ትታችሁ ውጡ። ስትወርዱ ደግሞ በአስፋልቱ ውረዱ። በወይኑ መሃል ያሉት የገበሬ መንገዶች አቋራጭ ይመስላሉ፣ ግማሾቹ ግን ግንብ ላይ ሄደው ያልቃሉ፣ ቁልቁለታቸውም ፍሬን ይበላል። ከቤት ሳትወጡ የፍሬኑን ጎማ አስቀይሩ፣ ትርፍ የውስጥ ጎማም ያዙ።

አሁን ወደ ወይኑ። የሞዘል ንጉሥ ሪስሊንግ ነው፣ ነጭ። ስታዝዙ ሁለት ቃል ይበቃችኋል፦ "ትሮክን" ካላችሁ ጣፋጭ ያልሆነው ይመጣል፣ "ፋይንሄርብ" ካላችሁ ትንሽ ጣፋጭ። ጠጅ ለለመደ ምላስ ሁለተኛው ይቀርባል። የሚጠጣው ደግሞ ስትራውስቪርትሻፍት ውስጥ ነው፤ ገበሬው ግቢውን በዓመት ለጥቂት ወራት ከፍቶ የራሱን ወይን የሚሸጥበት ቤት ነው። ደጁ ላይ ቅጠል ወይም የአበባ እቅፍ ከተሰቀለ ክፍት ነው። እኛ ሀገር ጠላ ቤት ደጃፍ እንጨት ላይ ጣሳ እንደሚደፋው ያለ ነገር። ጥሬ ገንዘብ ያዙ።

ግን ሳይክሉን ሳታቆሙ አትጠጡ። የጀርመን ሕግ በሳይክል 1.6 ፕሮሚል (በደም ውስጥ ያለ አልኮል ከሺህ እጅ ሲሰላ ነው) ከደረሳችሁ በቀጥታ ወንጀል ይለዋል፤ እየተንገዳገዳችሁ ከነዳችሁ ወይም አደጋ ካደረሳችሁ ደግሞ ከ0.3 ጀምሮ ሊያስጠይቃችሁ ይችላል። የመኪና መንጃ ፈቃድም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

በመስከረም ከሄዱ ፌደርቫይሰር ያገኛሉ። ገና እየፈላ ያለ ወይን ነው፣ ደፍራሽ፣ ልክ እንደ ጉሽ ጠላ። ጋዙ መውጣት ስላለበት ክዳኑ አይጠብቅም። ይህን የተማርኩት ጠርሙሱን የጎን ቦርሳዬ ውስጥ አስተኝቼ 10 ኪሎ ሜትር ከነዳሁ በኋላ ነው። ሸሚዞቼ፣ ፓስፖርቴ፣ ካልሲዎቼ፣ ሁሉም ፈልተው ጠበቁኝ። ንቧ ደግሞ እስከ ኮኸም ሸኘችኝ። ቆሞ ነው የሚጓዘው፣ ወይም ሆድ ውስጥ።

ምግብ ላይ ጾመኛም ሙስሊምም ንቁ። የተጠበሰ ድንች ብቻ ብላችሁ ብታዝዙ እንኳ ውስጡ የአሳማ ሥጋ ቁርጥራጭ ይገባበታል፣ አስተናጋጇ እሱን ሥጋ ብላ አትቆጥረውም። ስለ ጾም ከማብራራት "ቪጋን" ማለት ይቀላል። ወይን ለማይጠጣ ሰው ያው ገበሬ የራሱን የወይን ጭማቂ ያወጣል፣ ደግሞ ግሩም ነው። እሁድ ሱቅ ዝግ ስለሆነ ቅዳሜ ዳቦ ግዙ።

ከወቅት ግንቦትና ሰኔ ጥሩ ናቸው፣ መስከረም ከሁሉም ይበልጣል፣ ግን ማደሪያ ቀድማችሁ ያዙ፤ ብዙዎቹ በቅዳሜና እሁድ ለአንድ ሌሊት አያከራዩም። በሐምሌ ሸለቆው እንደ ምጣድ ይግላል፣ ማልዳችሁ ተነሱ። በፈረንጆች ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ደግሞ ወንዙ ሲሞላ መንገዱን ይውጠዋል። ቤቶቹ ግድግዳ ላይ ውሃው የደረሰበት ከነዓመተ ምሕረቱ ተቀርጿል፣ አንዳንዱ ምልክት ከራሴ በላይ ነው።

ወይን ወደ ቤት መውሰድ ካሰባችሁ አትሸከሙ፣ ገበሬው በካርቶን አሽጎ በፖስታ ይልክላችኋል። ካርቶኑ ሲመጣ ቤት ካልተገኛችሁ ጎረቤት ነው የሚቀበለው፤ ልትወስዱ ስታንኳኩ እንግዲህ አንድ ጠርሙስ እዚያው ትቀራለች።