የቮልስ ዳሽቦርድ ላይ አዲስ ጌጅ ስትገጥሙ እነዚህን አትሳሳቱ

የድሮ ቮልስ ዳሽቦርድ ወሬ አያበዛም። ሾፌሩ ፊት አንድ ክብ የፍጥነት ማሳያ አለ፣ ውስጡ ትንንሽ መብራቶች፣ እንደ ዘመኑ ደግሞ የነዳጅ ጌጅ። በቃ። ዘይቱ ምን ያህል እንደጋለ፣ ግፊቱ የት እንደደረሰ፣ ባትሪው እየሞላ ይሁን እየወረደ አይነግራችሁም። ቀይዋ የዘይት መብራት እየሄዳችሁ ከበራች ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገሩ አልፏል። ስለዚህ ጌጅ መጨመር ጥሩ ሐሳብ ነው። ሰው "ለቮልሴ ጌጅ ልግጠም" ብሎ ሲያማክረኝ ደስ ይለኛል። ደስ የማይለኝ ገጥሞ ከጨረሰ በኋላ ሲመጣ ነው።

ጌጁ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሻንጣ ነው። አሜሪካ ያለ ወንድም ይልከዋል፣ ዱባይ ደርሶ የተመለሰ ሰው ይዞት ይገባል፣ ካልሆነም ሶማሌ ተራ ከሌላ መኪና የተፈታ ይገኛል። ያምራል፣ ያብለጨልጫል። ግን ጌጅ ብቻውን ዕቃ አይደለም። ጌጁና ሞተሩ ወይም ታንኩ ላይ ያለው ቡልቦ፣ ማለትም ለክቶ ለጌጁ የሚልከው ዕቃ፣ ጥንድ ናቸው። ከታች የማወራው ጣጣ አብዛኛው የሚመጣው ይህን ከመርሳት ነው።

የውሃ ጌጅ መግጠም

ሦስት ጌጅ ባንድ ላይ ሲሸጥ አብዛኛውን ጊዜ የዘይት ግፊት፣ የውሃ ሙቀትና ቮልት ነው። ቮልስ ውሃ የለውም፣ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። ይህን የማያውቅ የቮልስ ባለቤት የለም። ግን "ሙቀት ሙቀት ነው" ብሎ የውሃውን ጌጅ ዘይት ላይ ያስረዋል። የውሃ ጌጅ አብዛኛው 120 ዲግሪ አካባቢ ያበቃል። የቮልስ ዘይት የአባይን ዳገት በቀትር ሲወጣ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል፤ እናንተ ማየት የምትፈልጉት ደግሞ ያንን ሰዓት ነው። እስከ 150 የሚያሳይ የዘይት ሙቀት ጌጅ ከነቡልቦው ግዙ። ጌጁ በፋራናይት ከሆነ 212 ማለት 100 ዲግሪ ነው፤ "ሁለት መቶ ደረሰ!" ብላችሁ መንገድ ዳር አትቁሙ።

የነዳጅ ጌጁን ኦም ሳይለኩ መግዛት

ታንኩ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ። ነዳጁ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል፣ ሲወርድም የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይቀየራል። ጌጁ የሚያነበው ይህንን ተቃውሞ ነው፤ የሚለካውም በኦም ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1968 ሞዴል ወዲህ ያለው አብዛኛው ቮልስ ታንኩ ባዶ ሲሆን 73 ኦም፣ ሲሞላ 10 ኦም ገደማ ይሰጣል። ከአሜሪካ የሚመጣው ጌጅ ብዙው የተሠራው ባዶው 240፣ ሙሉው 33 ለሆነ ተንሳፋፊ ነው። ቪዲኦ (VDO) የሚባለው የአውሮፓ ጌጅ ደግሞ ባዶው 10፣ ሙሉው 180 የሆነ አለው። እሱማ ጭራሽ ተገላቢጦሽ ነው፤ ታንኩን አፍ እስከ ገደፉ ሞልታችሁት ባዶ ነው ይላችኋል።

ተገላቢጦሹ ቢያንስ ቶሎ ይነቃበታል። የሚጎዳው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። አንድ ደንበኛዬ ባለ 240 ጌጅ ራሱ ገጥሞ ወደ ደብረ ዘይት ወጣ። ታንኩ ሊያልቅ ሲል 73 ኦም ይልካል፣ ጌጁ ያንን ሲያነበው "ከግማሽ በላይ" ይላል። ዱከም ላይ ቆመ። ደውሎ "ካርቡራተሩ ተደፈነ" አለኝ። ካንዴላ ፈቶ ነበር፣ የነዳጅ ፓምፑን ፈቶ ነበር። "ነዳጅ አለህ ወይ?" ስለው ተቆጣኝ። ጌጁ ከግማሽ በላይ እያለ ምን ማለቴ ነው! የቮልስ ታንክ ፊት ነው፤ የፊቱን ኮፈን ከፍተህ፣ ካርቶኑን አንስተህ ታንኩን አንኳኳው አልኩት። ሲያንኳኳው በስልኩ ሰማሁት፤ ከበሮ ነው። ከዚያ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ሁለታችንም ዝም አልን።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ጌጅ ከመግዛታችሁ በፊት ቴስተር ያዙ፣ ኦም ላይ አድርጉት፣ ተንሳፋፊውን ከታንኩ አውጥታችሁ ከላይ እስከ ታች አንቀሳቅሱት። ያገኛችሁትን ሁለት ቁጥር ለሚገዛላችሁ ሰው ላኩ። የድሮ ፎርድ የሚጠቀመው 73 እና 10 ስለሆነ በዚያ ልክ የተሠራ ጌጅ አይጠፋም። ከ1968 በፊት ያለ ቮልስ ከሆነ ግን የነዳጅ ጌጁ፣ ካለው፣ በካቦ የሚጎተት ነው። ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር ስለሌለው አዲስ ጌጅ ስታስቡ ተንሳፋፊውንም አብራችሁ አስቡ።

አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። የፋብሪካው የኤሌክትሪክ ጌጅ አጠገብ ቫይብሬተር የሚባል ትንሽ ሳጥን አለ፣ ቮልቱን እየቆራረጠ ዝቅ የሚያደርግ። አዲሱን ጌጅ በእሱ በኩል አታስሩት። የሚፈልገው ቀጥታ 12 ቮልት ነው።

የዘይት ቡልቦውን ጥርስ በጉልበት ማስገባት

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

ሞተሩ ላይ ከዲስትሪቢውተሩ አጠገብ የዘይት መብራቷን የሚያበራው ቡልቦ አለ። ጥርሱ የሚሊሜትር ነው፤ ውፍረቱ 10፣ የጥርሱ ርቀት 1 ሚሊሜትር። ከጌጅ ጋር የሚመጣው ቡልቦ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የኢንች ነው፣ አንድ ስምንተኛ ኤንፒቲ የሚባለው። ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ብታዩአቸው በዐይን አትለዩአቸውም። የኢንቹን ስታስገቡት አንድ ሁለት ዙር በእጅ እሺ ይላል። ከዚያ ይይዛል። ጀማሪው "ጫፉ ቀጭን ወደ ላይ እየወፈረ የሚሄድ ስለሆነ ነው፣ መጥበቁ ዘይት እንዳያፈስ ይጠቅማል" ብሎ ራሱን ያሳምንና ቁልፍ ያነሳል።

ኧረ በፈጠራችሁ! የቮልስ ሞተር አካል ማግኒዚየም ነው። ብረት አይደለም። ለስላሳ ነው፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። የማይመሳሰል ጥርስ በቁልፍ ስትነዱበት ወይ ውስጡን ይላጨዋል፣ ወይ ይሰነጥቀዋል። ያ ቀዳዳ ዘይት በግፊት የሚያልፍበት ቦታ ስለሆነ ማስቲሽ ለጥፋችሁ አታመልጡም። ሲላጭ እንኳ አዲስ ጥርስ ለማውጣት ዲስትሪቢውተር ይነሳል፣ ፍቅፋቂው ወደ ዘይት መንገዱ እንዳይገባ መለማመጥ ነው። ሲሰነጠቅ ሞተር ይወርዳል። ይኼ ሁሉ የአንድ ትንሽ አዳፕተር ጉዳይ ነው። የጥርስ መለኪያ ያለው ማንኛውም ቶርኖ ቤት ሁለቱን ለይቶ ይነግራችኋል፤ ዝግጁ አዳፕተር ካላገኛችሁ እዚያው ያወጡላችኋል። ቡልቦ በእጅ እስከ መጨረሻው አካባቢ ካልገባ የእናንተ አይደለም። አውጡት። በቁልፍ መጨረስ እንጂ በቁልፍ መጀመር የለም።

ጥርሱ ከተስተካከለ በኋላም ሌሎች ነገሮች አሉ። ቴፍሎን አታብዙ። ባለ አንድ ሽቦ ቡልቦ ማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበትን መንገድ፣ የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ነው፤ በቴፍሎን ከጠቀለላችሁት መርፌው ይንከራተታል። የጌጅ ቡልቦ ከመብራቱ ቡልቦ ይልቅ ትልቅና ከባድ ስለሆነ ሞተሩ ላይ ቀጥታ ካንጠለጠላችሁት በንዝረት ብዛት አንገቱ ይሰበራል። በብረት ጥልፍ ጎማ ቱቦ አውጥታችሁ አካል ላይ እሰሩት፣ ለቡልቦውም የራሱን የማሳ ሽቦ ስጡት። የድሮዋን ቀይ መብራት ደግሞ አታስወጧት። ባለ ሁለት ጫፍ ቡልቦ ይሸጣል፤ በቪዲኦዎቹ ላይ "ጂ" የሚለው ለጌጁ፣ "ደብሊዩ ኬ" የሚለው ለመብራቷ ነው። ሰው ሲነዳ ዐይኑ መንገድ ላይ ነው፣ ጌጅ ላይ አይደለም። መብራት ግን ያስደነግጣል።

ጌጁ መሥራት ሲጀምር ደግሞ ሌላ ስልክ ይመጣል፤ "ሞተሬ ሲግል ቆሞ እየሠራ ግፊቱ ወረደ፣ ሞተሩ አለቀ እንዴ?" አላለቀም። የጋለ ዘይት ይቀጥናል። ዘይቱ 70 ዲግሪ ሆኖ ሞተሩ በ2,500 ዙር ሲሠራ 2 ባር ገደማ፣ ወይም 28 ፒኤስአይ ካሳየ ፋብሪካው የጠየቀው እሱን ነው። በቀስታ ሲዞር ዝቅ ማለቱ ያለ ነው።

በመዳብ ወይም በፕላስቲክ ቀጭን ቱቦ ዘይቱን ራሱን እስከ ዳሽቦርድ የሚያመጣ ጌጅ አለ። ሞተሩ ኋላ የሆነ መኪና ላይ የጋለ ዘይት በመኪናው ሙሉ ርዝመት ማሳለፍ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ማሳን መናቅ

የፊት መብራት ስታበሩ የጌጆቹ መርፌ ሁሉ አንድ ላይ ከተንቀሳቀሰ ማሳው ነው። ጌጁን አትፍቱ። ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ላይ በብሎን የታሰረ ማሳ ማሳ አይባልም። ቀለሙን ፍቃችሁ ንጹሕ ብረት ላይ እሰሩት፣ ከሁሉም ጌጅ የሚመጣውን ወደ አንድ ቦታ ሰብስቡት።

ኃይሉን ካገኙበት መሳብ

ከኳድሮ፣ ማለትም ቁልፍ ከሚገባበት ማስነሻ፣ በኋላ የሚመጣውን መስመር ፈልጉ፣ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኘውን። በጀርመን ዕቃ ላይ 15 የሚል ቁጥር አለው። 30 የሚለው ሁልጊዜ ከባትሪ የሚመጣ ነው፤ ጌጁን እዚያ ብታስሩት ባትሪያችሁ ሌሊቱን ይወርዳል። ለጌጆቹ የራሳቸውን ትንሽ ፊውዝ ስጡ። ከነባሩ ሽቦ መሀል ልጦ፣ ጠምዝዞ፣ ናስትሮ ጠቅልሎ መሄድ ሲሮጡ የታጠቁት ዓይነት ነው፤ ሲሮጡ ይፈታል። የተቃጠለ ፊውዝ ላይ የሲጋራ ብር ወረቀት የጠቀለለ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያስታውስ። ቮልስ ላይ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው የነዳጁ ታንክ ነው።

በዚሁ ምክንያት ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው፣ ለማንሳት ስንፍና ካልሆነ ምንም አይፈጅም።

አምፒር ጌጅ አትግጠሙ። የመኪናው ኃይል በሙሉ በእሱ ውስጥ ማለፍ አለበት። ባትሪውም ዲናሞውም ኋላ ናቸው፣ ወፍራም ሽቦ ወደ ፊት አምጥቶ መመለስ ነው። ቮልት ጌጅ ይበቃችኋል፤ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6፣ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4። መኪናው አሁንም 6 ቮልት ከሆነ፣ በፈረንጅ ከ1967 በፊት ያሉት ብዙዎቹ እንደዚያ ነበሩ፣ መጀመሪያ እሱን ወስኑ፣ ጌጁ ይቆያል።

የቻርጅ መብራቷን በኤልኢዲ መቀየር

ይኼ የሚያምር ስህተት ነው፣ ምክንያቱም የሚሳሳተው ጎበዙ ሰው ነው። የድሮውን ዲናሞ በአልተርኔተር ቀይሯል፣ ዳሽቦርዱን አጽድቷል፣ ትንንሾቹን አምፖሎች በሙሉ ኤልኢዲ አድርጓቸዋል። ከዚያ ባትሪው አይሞላም። አልተርኔተር አይሠራም ብሎ ሌላ ይገዛል። ሁለተኛውም አይሞላም።

አልተርኔተሩ ሲነሳ ሥራ የሚጀምረው በዚያች ትንሽ አምፖል ውስጥ አልፎ በሚመጣው ኃይል ነው። ኤልኢዲ የሚያሳልፈው በጣም ጥቂት ስለሆነ አይቀሰቅሰውም። የድሮዋን አምፖል መልሱላት፣ ወይም ከኤልኢዲው ጎን ሬዚስተር እሰሩ። የድሮው ዲናሞ ይህን ያህል አያስቸግርም።

የሌላ መኪና የፍጥነት ማሳያ

የቮልስ ኪሎሜትር ካቦ ከካምቢዮ አይመጣም። የሚመጣው ከግራ የፊት ጎማ ነው፤ ጎማው አንዴ ሲዞር ካቦው አንዴ ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ኪሎሜትር 500 ዙር አካባቢ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ የፍጥነት ማሳያ ግን በብዛት ለአንድ ማይል 1,000 ዙር የተሠራ ነው፣ በኪሎሜትር 620 መሆኑ ነው። ካቦው ገጥሞ መርፌው ስለተነሳ ሠራ እንዳትሉ። በእውነት 100 እየሄዳችሁ 80 ያሳያችኋል። ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆማችሁ ይህን ሒሳብ አያዳምጥም። የነባሩን ማሳያ ጠግኑ፣ ወይም በጂፒኤስ የሚሠራ ግዙ።

የሞተር ዙር ቆጣሪ ከሆነ ጀርባው ላይ 4፣ 6፣ 8 የሚል መምረጫ አለ። 4 ላይ አድርጉት።

ቆርቆሮውን መብሳት

የቮልስ ዳሽቦርድ ቆርቆሮ በብሎን የሚፈታ አይደለም፣ የአካሉ አንድ ክፍል ነው። ትራፓኖ ካሳለፋችሁበት በኋላ ያው ነው። ከዳሽቦርድ ሥር የሚታሰር የጌጅ መያዣ አለ፣ የሬዲዮው ቦታ አለ፣ የአመድ ማስቀመጫው ቦታ አለ። እነዚህን ጨርሱ። አይ፣ የግድ እበሳለሁ ካላችሁ ትንሹ ጌጅ 52 ሚሊሜትር ነው። ቀዳዳውን ከዚያ አሳንሳችሁ ብሱና በሞረድ አስፉት። ከመብሳታችሁ በፊት ግን ኮፈኑን ክፈቱና ከጀርባው ምን እንዳለ እዩ። የዝናብ መጥረጊያው ሞተርና ክንዶቹ እዚያ ናቸው፤ መጥረጊያውን አስነሥታችሁ ክንዱ የት ድረስ እንደሚሄድ ተመልከቱ። ጌጁ ከጀርባው ከሚገባው ሽቦ ጋር ሲለካ ካርቶን ላይ ከምታዩት ይረዝማል። ፊውዝ ሳጥኑንም በጨርቅ ሸፍኑት፣ የብረት ፍቅፋቂ እንዳይገባበት።

ከጀርባ የሚይዘውን ትንሽ ብሎን በእጅ አጥብቁ፣ በፒንሳ አይደለም።

ሁሉ ተገጥሞ አልቆ የነዳጁ መርፌ ኩርባ ላይ ከወዲያ ወዲህ ቢል አትደንግጡ፣ ነዳጁ ታንኩ ውስጥ ሲላጋ ነው። ቀጥ ባለ አስፋልት ላይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ልትደውሉልኝ ትችላላችሁ። መጀመሪያ የምጠይቃችሁ መብራት ስታበሩ ይብስበታል ወይ ብዬ ነው፤ አብርታችሁ አይታችሁ ደውሉ።