ስልክዎን በብሉቱዝ ሲያጣምሩ ቁጥሩን ያንብቡ

ሁለት መሣሪያዎች በብሉቱዝ ሲጣመሩ የጋራ ምስጢራዊ ቁልፍ ፈጥረው እያንዳንዳቸው ያስቀምጡታል፤ ከዚያ በኋላ በተቀራረቡ ቁጥር ባለቤታቸውን ሳይጠይቁ በዚያው ቁልፍ ይገናኛሉ። ስለዚህ ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚያሻው ቁልፉ በሚፈጠርበት አጭር ጊዜና መሣሪያው ከእጅዎ በሚወጣበት ቀን ነው።

አስቀድመው ቦታ ይምረጡ። የስልክ ብሉቱዝ እስከ 10 ሜትር ገደማ ይደርሳል ቢባልም፣ ጠንካራ አንቴና የያዘ ሰው ከዚያ በእጅጉ ርቆ ሊያዳምጥ ይችላል። አዲስ የጆሮ ማዳመጫ ገዝተው ካፌ ውስጥ ከማጣመር ይልቅ ቤት እስኪደርሱ መታገሥ ይሻላል። በተጨማሪም በስልክዎ ዝርዝር ላይ የሚታየውን የመሣሪያ ስም ማንም እንደ ፈለገ ሊለውጠው ስለሚችል፣ ስሙን ብቻ አይተው የራስዎ መሣሪያ ነው ብለው አይደምድሙ።

እንደ ስልክና ላፕቶፕ ወይም እንደ ስልክና መኪና ሁለቱም ስክሪን ካላቸው፣ በሁለቱም ላይ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ይወጣል፤ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ መሆናቸውን አይተው ያረጋግጡ። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2007 ከብሉቱዝ 2.1 ጋር የመጣ ሲሆን፣ ብዙዎቻችን ግን ቁጥሩን ሳናነብ «አጣምር» የሚለውን እንነካለን፤ እኔም ለዓመታት የማደርገው ይህንኑ ነበር። አንድ ሰው በመካከል ገብቶ ለስልኩ ላፕቶፑን፣ ለላፕቶፑም ስልኩን መስሎ ቢቀርብ ከሁለቱ ጋር የተለያየ ቁልፍ ስለሚፈጥር፣ ቁጥሮቹ በአጋጣሚ አንድ የመሆን ዕድላቸው ከሚሊዮን አንድ ያህል ነው። ቁጥሩን አጠገብዎ ያለ ሰው ቢያየው ጉዳት የለውም። ካልተመሳሰለ ግን ወዲያውኑ ይሰርዙና ቦታ ቀይረው እንደገና ይሞክሩ።

ስክሪን የሌላቸው የጆሮ ማዳመጫዎችና ስፒከሮች ይህን ማረጋገጫ ስለማያቀርቡ፣ በእነርሱ ጊዜ ያለዎት ዋነኛ መከላከያ ራቅ ያለ ቦታ መምረጥ ነው። 0000 ወይም 1234 የሚል ቁጥር የሚጠይቁ አሮጌ ዕቃዎች ደግሞ ከዚህም የባሱ ናቸው፤ የማጣመሩን ልውውጥ ያዳመጠ ሰው ቁልፉን በኮምፒውተር በቀላሉ ያገኘዋል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው መኪና ነው። ስልክዎን ከመኪና ጋር ሲያጣምሩ የስልክ ቁጥር ዝርዝርዎንና የጥሪ ታሪክዎን ለማጋራት ፈቃድ ይጠየቃሉ። በተከራዩት ወይም በሰው መኪና ውስጥ ከሆኑ አይፍቀዱ፤ ሙዚቃ ለማዳመጥም ሆነ የመጣ ጥሪ ለመቀበል ይህ ፈቃድ አያስፈልግም። አንዴ ከፈቀዱ ዝርዝሩ ወደ መኪናው ሊገለበጥ ስለሚችል፣ ከስልክዎ ላይ ብቻ ማጥፋት አይበቃም፤ ከመኪናው ስክሪን ላይም ስልክዎን ይሰርዙ። መኪናዎን የሚሸጡ ከሆነ ደግሞ የመልቲሚዲያ ሥርዓቱን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመልሱት።

እርስዎ ያልጀመሩት የማጣመር ጥያቄ ከመጣ ውድቅ ያድርጉት። ለወራት ያለ ችግር ሲገናኝ የኖረ መሣሪያ በድንገት እንደ አዲስ ልጣመር ቢልም ወዲያው እሺ አይበሉ፤ አጥቂ ሆን ብሎ ግንኙነቱን አቋርጦ አዲሱን ልውውጥ ለማዳመጥ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

የሶፍትዌር ማሻሻያም አያቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆኑት ብሉቦርን የተባሉ ክፍተቶች፣ ብሉቱዙ የበራን ስልክ ምንም ሳይጣመር ለማጥቃት ያስችሉ ነበር። በ2019 የታወቀው ኖብ የተባለው ጥቃት ደግሞ የምስጠራ ቁልፉን ጥንካሬ ወደ አንድ ባይት፣ ማለትም ወደ 256 አማራጮች ብቻ ያወርደው ነበር። ሁለቱም በማሻሻያ ተስተካክለዋል፤ ያልተሻሻለ አሮጌ ስልክ ግን እንደ ተጋለጠ ነው። የጆሮ ማዳመጫም የራሱ ማሻሻያ ሊኖረው ስለሚችል በአምራቹ መተግበሪያ ይፈትሹ።

በማይጠቀሙበት ጊዜ ብሉቱዙን ያጥፉ። በአይፎን ላይ ከመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ምልክቱን መንካት መሣሪያዎችን እስከ ማግስቱ ድረስ ብቻ ስለሚያለያይ፣ ፈጽሞ ለማጥፋት ወደ ቅንብሮች መግባት ያስፈልጋል። እግረ መንገድዎን የተጣመሩ መሣሪያዎችን ዝርዝር ይመልከቱ፤ የሰጡትን፣ የጠፋብዎትንና የማያውቁትን ሁሉ «እርሳ» በሚለው ያስወግዱ።