ስኮትላንድ ኦፊስን በፓርላማ በኩል እንዴት መጠየቅ ይቻላል

ለንደን ላይ የተወሰነ ውሳኔ ግላስጎው ውስጥ የሰው ኑሮ ሲያናጋ ማንን ነው የምንጠይቀው? አንዳንዱ ኤደንብራ ያለውን ፓርላማ ይወቅሳል። ሌላው «እሱ የፈረንጆቹ ፖለቲካ ነው፣ እኛን ማን ይሰማናል» ብሎ ይተወዋል። ግን መሃል ላይ ስኮትላንድ ኦፊስ የሚባል ትንሽ መሥሪያ ቤት አለ። ሥራው ስኮትላንድን ለንደን ካቢኔ ውስጥ መወከል፣ የለንደንን መንግሥት ደግሞ ስኮትላንድ ውስጥ መወከል ነው። ይህንን መሥሪያ ቤት የሚቆጣጠር የፓርላማ ኮሚቴም አለ። ኮሚቴው ከማንም ሰው ጽሑፍ ይቀበላል፤ ዜግነት አይጠይቅም። እንዴት እንደሚደረስበት ከስር ከስሩ ላስረዳ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

1. ጉዳዩ የማን እንደሆነ ለዩ

ይህን ሳይለዩ መጻፍ ድካም ነው። መልሱ «እኛን አይመለከትም» ሆኖ ይመጣል።

በ1998 የወጣው የስኮትላንድ ሕግ ሥልጣኑን ለሁለት ከፍሎታል። በ1999 ሥራ የጀመረው 129 አባላት ያሉት የኤደንብራ ፓርላማ ጤናን፣ ትምህርትን፣ ፖሊስን፣ ፍርድ ቤትንና መኖሪያ ቤትን ይዟል። ኢሚግሬሽን፣ መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይና የሥራ ሕግ ለንደን እጅ ቀርተዋል።

ችግር የሚፈጠረው ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው። የግላስጎውን የቤት ጉዳይ እንውሰድ። ጥገኝነት የሚሰጠው ወይም የሚከለክለው ሆም ኦፊስ የሚባለው የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፤ ያ የለንደን ሥራ ነው። ጥገኝነቱን ያገኘው ሰው ግን ሆም ኦፊስ ከሰጠው ቤት ይወጣና በማግስቱ የከተማውን ምክር ቤት በር ያንኳኳል። የስኮትላንድ ሕግ ደግሞ ቤት አልባ ለሆነ ሰው ማረፊያ የመስጠት ግዴታ ምክር ቤቱ ላይ ጥሏል። በኖቬምበር 2023 የግላስጎው ምክር ቤት የቤት አስቸኳይ ጊዜ ሲያውጅ፣ ሆም ኦፊስ የጥገኝነት ውሳኔዎችን በአንድ ጊዜ ማፋጠኑን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ጠቅሷል። ውሳኔው የለንደን፣ ወጪው የግላስጎው። ከእነዚያ ቤት ፈላጊዎች መካከል ሐበሾችም አሉ።

ጥያቄያችሁ እንዲህ ሁለት ቦታ የሚነካ ከሆነ ትክክለኛው አድራሻ ስኮትላንድ ኦፊስ ነው። የሚቀርበውም «ሆም ኦፊስ ይህን ሊያደርግ ሲያስብ እናንተ ስኮትላንድን ወክላችሁ ምን አላችሁ?» ተብሎ ነው።

2. መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ እወቁ

ስኮትላንድ ኦፊስ ሆስፒታል አይመራም፤ ትምህርት ቤትም የለውም። ከ1885 ጀምሮ ብዙ ነገር የሚያስተዳድር ትልቅ መሥሪያ ቤት ነበር። በ1999 ሥራው ወደ ኤደንብራ ሲሄድ አሁን ያለው ትንሽ ቢሮ ቀረ። ለንደን ውስጥ ዋይትሆል መንገድ ላይ ዶቨር ሐውስ በሚባል ሕንፃ ይሠራል፤ ኤደንብራም ቢሮ አለው። በሴፕቴምበር 2025 ኢያን መሬይ ተነስተው ዳግላስ አሌክሳንደር የስኮትላንድ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል።

የዓመቱን ሪፖርትና ሂሳብ ስትከፍቱ አንድ ነገር እንዳያሳስታችሁ። በቢሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ ታያላችሁ። ያ የቢሮው ወጪ አይደለም። ለስኮትላንድ መንግሥት የሚሰጠው የዓመት በጀት በዚህ መሥሪያ ቤት ሂሳብ በኩል ስለሚያልፍ ነው። ለ2025–26 ሲታወጅ 47.7 ቢሊዮን ፓውንድ ነበር። ገንዘቡን የሚያወጣው ኤደንብራ ነው፤ ተጠያቂነቱም እዚያው ነው። እናንተ የምትፈልጉት «አስተዳደር» በሚለው ርዕስ ስር ያለችውን ትንሿን ቁጥር ነው፤ ለሠራተኛ፣ ለጉዞና ለቢሮ የወጣችውን። ከእሷ አጠገብ «በዚህ ዓመት እነዚህን ሠራን» የሚል ዝርዝር አለ። እሱን በእርሳስ እያሰመራችሁ አንብቡ። እያንዳንዱ መስመር ወደ ጥያቄ ይለወጣል።

3. ኮሚቴውን እወቁ

የስኮትላንድ ጉዳዮች ኮሚቴ ይባላል፤ ዌስትሚንስተር የሚባለው የለንደን ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ነው። 11 አባላት አሉት። ሰብሳቢውን መላው ምክር ቤት በምስጢር ድምፅ ይመርጣል፤ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ የግላስጎው ዌስት ተወካይ ፓትሪሺያ ፈርጉሰን ናቸው። ኮሚቴው ሰው መጥራት፣ ሰነድ ማስመጣት ይችላል።

የስኮትላንድ ኦፊስን ሚኒስትር ለምን የኤደንብራ ፓርላማ አይጠይቃቸውም? መልሱ በ2023 ታይቷል። በጃንዋሪ ወር የወቅቱ ሚኒስትር አሊስተር ጃክ የኤደንብራ ፓርላማ ያጸደቀውን የጾታ እውቅና ማሻሻያ ሕግ እንዳይጸና አገዱ። ከ1999 ወዲህ ይህ ሥልጣን ሲሠራበት የመጀመሪያው ነበር። አንድ የኤደንብራ ኮሚቴ ሊጠይቃቸው ጠራቸው፤ አልቀረቡም። የለንደን ሚኒስትር ተጠሪነቱ ለለንደን ፓርላማ ነው። የሕጉን ይዘት ብንደግፍም ብንቃወምም ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ የስኮትላንድ ጉዳይ ሚኒስትር ቀርቦ የመመለስ ግዴታ ያለበት ዌስትሚንስተር ፊት ብቻ ነው።

ዌልስና ሰሜን አየርላንድም የየራሳቸው መሥሪያ ቤትና ኮሚቴ አላቸው። ካርዲፍ ወይም ቤልፋስት ያላችሁ ስሙን ብቻ ቀይራችሁ በዚሁ መንገድ መሄድ ትችላላችሁ።

4. ከመጻፋችሁ በፊት ተመልከቱ

በየአምስት ሳምንቱ ገደማ፣ ረቡዕ ጠዋት በለንደን ሰዓት 11:30፣ በእኛ አነጋገር ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቆመው ይጠየቃሉ። ግማሽ ሰዓት ነው። ከዚያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይቀጥላሉ። ፓርላማው በራሱ ድረ ገጽ በቀጥታ ያስተላልፈዋል፤ ቃል በቃል የተጻፈው ደግሞ ሃንሳርድ በሚባለው መዝገብ ይወጣል።

እዚያ ደጋግማችሁ የምትሰሙት አንድ ዓይነት መልስ አለ። «ከካቢኔ ባልደረቦቼ ጋር በተለያዩ ጉዳዮች ላይ በየጊዜው እነጋገራለሁ» ይባላል። ይህ መልስ ምንም አልነገራችሁም። ካቢኔ ውስጥ የተባለው በምስጢር ስለሚያዝ «ምን ተባባላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም። የሚያዋጣው ውጤቱን መጠየቅ ነው። ከውሳኔው በፊት ነው ወይስ በኋላ የሰማችሁት? በስኮትላንድ ላይ የሚያስከትለውን ተጽዕኖ የገመገመ ሰነድ አለ? ከግላስጎው ምክር ቤት ጋር የተገናኛችሁት መቼ ነው? ሚኒስትሮች ከውጭ አካላት ጋር ያደረጓቸው ስብሰባዎች ዝርዝር በየጊዜው በመንግሥት ድረ ገጽ ይወጣል። ያንን ዝርዝር አይታችሁ «ከእነዚህ ጋር ተገናኝታችኋል፣ ከእነዚህ ጋር ግን የለም» ማለት ከንግግር ሁሉ ይጠነክራል።

5. የአካባቢያችሁን ተወካይ ተጠቀሙ

ከስኮትላንድ 57 የዌስትሚንስተር ተወካዮች አሉ። የራሳችሁን በፖስት ኮድ ታገኙታላችሁ። ስትጽፉ አድራሻችሁን አስገቡ፤ ተወካዮች የራሳቸውን አካባቢ ነዋሪ ብቻ ነው የሚያስተናግዱት።

የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የኢትዮጵያ ወይም የኤርትራ ዜጋ ስኮትላንድ ውስጥ ለኤደንብራ ፓርላማና ለከተማ ምክር ቤት ድምፅ መስጠት ይችላል። ለዌስትሚንስተር ግን አይችልም። ቢሆንም የዌስትሚንስተሩ ተወካይ የእሱም ተወካይ ነው። ድምፅ አልሰጠሁም ብላችሁ አትሸማቀቁ።

ተወካዩን «እርዳን» ብቻ አትበሉት። የተዘጋጀ ጥያቄ ስጡት። «ይህን በጽሑፍ ለስኮትላንድ ጉዳይ ሚኒስትር ያቅርቡልኝ» በሉና ጥያቄውን ከሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይበልጥ ጻፉ። ሚኒስትሩ በጽሑፍ ለቀረበ የፓርላማ ጥያቄ በጽሑፍ ይመልሳሉ፤ መልሱም ለሕዝብ ይወጣል። ያ መልስ በኋላ ለኮሚቴው ስትጽፉ ማስረጃ ይሆናችኋል።

ከዚህ ጎን ለጎን የመረጃ ነፃነት ሕግ አለ። የትም አገር ያለ፣ የማንኛውም አገር ዜጋ ስሙንና መልስ የሚላክበትን አድራሻ ሰጥቶ ከመሥሪያ ቤቱ ሰነድ መጠየቅ ይችላል። ክፍያ የለውም። በ20 የሥራ ቀን ውስጥ መመለስ አለባቸው። ጥያቄያችሁ ጠባብ ይሁን፤ «ስለ ስደተኞች ያላችሁን ሁሉ» ካላችሁ ብዙ ሥራ ይጠይቃል ተብሎ ይመለሳል። ሁለት ወር ምረጡ፣ አንድ ርዕስ ምረጡ።

6. ለኮሚቴው ጻፉ

ዋናው ይህ ነው። ኮሚቴው አንድ ጉዳይ ሊመረምር ሲነሳ በድረ ገጹ ላይ ጥሪ ያወጣል። ጥሪው ጥያቄዎችና የመጨረሻ ቀን አለው። ቀኑ ሳያልፍ በዚያው ገጽ በኩል በእንግሊዝኛ የተጻፈ የዎርድ ሰነድ ትልካላችሁ፤ ፒዲኤፍ አትላኩ። ከ3,000 ቃል አይብለጥ። እኔ ግን ሁለት ገጽ ይበቃል እላለሁ። ብዙ ጽሑፍ ይደርሳቸዋል፤ አጭርና ግልጽ የሆነው ነው የሚጠቀሰው።

አንቀጾቹን ቁጥር ስጧቸው። ሪፖርቱ ላይ ሲጠቅሷችሁ በቁጥሩ ነው የሚጠቅሱት። በአንደኛው አንቀጽ ማን እንደሆናችሁና ለምን እንደምታውቁ ተናገሩ። ከዚያ ሦስት አራት መስመር ማጠቃለያ። ከዚያ ማስረጃው። መጨረሻ ላይ ኮሚቴው ለመንግሥት ምን ብሎ እንዲመክር እንደምትፈልጉ።

ልዩነቱ እንዲታይ አንድ ምሳሌ ላምጣ። አንድ ማኅበር «መንግሥት ለስደተኞች ግድ የለውም፤ ስኮትላንድ ኦፊስም ዝም ብሏል» ብሎ ቢጽፍ ኮሚቴው ምንም ሊያደርግበት አይችልም። እንዲህ ቢል ግን ሌላ ነው፦

«4. አባሎቻችን ጥገኝነት ካገኙ በኋላ ከሆም ኦፊስ ቤት እንዲወጡ የተነገራቸውን ቀንና ምክር ቤቱ ማረፊያ የሰጣቸውን ቀን መዝግበናል። ሠንጠረዡን አያይዘናል። 5. ስኮትላንድ ኦፊስ ስለዚህ ጉዳይ ከምክር ቤቱ ጋር መቼ እንደተነጋገረ በፓርላማ ጥያቄ አስጠይቀን ያገኘነው መልስ ቀን አይጠቅስም። 6. ሆም ኦፊስ አሠራሩን ከመቀየሩ በፊት ስኮትላንድ ኦፊስ በስኮትላንድ ከተሞች ላይ የሚደርሰውን ጫና ገምግሞ ለሕዝብ እንዲያወጣ ኮሚቴው እንዲመክር እንጠይቃለን።»

እዚህ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ማምለጫም የለም። ሰብሳቢዋ አንቀጽ 6ን አንብባ በቀጥታ ወደ ሚኒስትሩ ልትዞር ትችላለች።

ጥቂት ነገር ተጠንቀቁ። ኮሚቴው የአንድን ሰው የግል ጉዳይ አይመረምርም፤ የእናንተ ታሪክ የሚያገለግለው የአሠራሩ ምሳሌ ሲሆን ነው። ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይ አታንሱ። ጽሑፉ አዲስ ይሁን፤ ሌላ ቦታ የወጣ አይሁን፤ ኮሚቴው ሳያወጣውም ፌስቡክ ላይ አትለጥፉት። ኮሚቴው ተቀብሎ ሲያትመው የፓርላማ ጥበቃ ያገኛል፤ በዚያ ጽሑፍ ምክንያት ማንም በስም ማጥፋት አይከሳችሁም። ራሳችሁ ሌላ ቦታ ካወጣችሁት ግን ያ ጥበቃ የለም። ስማችሁ እንዳይወጣ ከፈለጋችሁ ስትልኩ ንገሯቸው። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያላለቀ ሰው ይህንን አጥብቆ ይጠይቅ፤ ከጠበቃውም ይማከር።

7. ከሪፖርቱ በኋላ አትጥፉ

ኮሚቴው ሪፖርት ሲያወጣ መንግሥት በሁለት ወር ውስጥ መልስ ይሰጣል ተብሎ ይጠበቃል። አንዳንዴ ይዘገያል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሰለቸው። ተስፋ አለመቁረጥ ምን እንደሚያመጣ ግን አንድ ጉዳይ ላሳያችሁ።

በ2019 ኮሚቴው ስኮትላንድ ውስጥ በአደንዛዥ ዕፅ ስለሚሞቱ ሰዎች ሪፖርት አወጣ። ተጠቃሚዎች በባለሙያ ክትትል ስር ዕፅ የሚወስዱበት ቦታ ይከፈት አለ። የዕፅ ሕጉ የለንደን ነው፣ ጤናው የኤደንብራ። የለንደን መንግሥት ምክሩን አልተቀበለውም። ነገሩ ግን አልተረሳም። በ2023 የስኮትላንድ ዋና ዐቃቤ ሕግ ዶሮቲ ቤይን፣ በዚያ ቦታ ውስጥ ዕፅ ይዞ የተገኘን ተጠቃሚ መክሰስ ለሕዝብ ጥቅም አይሆንም የሚል አቋም አሳወቁ። በጃንዋሪ 2025 ቦታው ግላስጎው ውስጥ ተከፈተ፤ ቲስል ይባላል። ኮሚቴውም ተመልሶ ስለዚሁ ቦታ አዲስ ምርመራ ጀመረ።

ስለዚህ የመንግሥት መልስ ሲወጣ ከሪፖርቱ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። እያንዳንዱ ምክር አጠገብ ተቀብሏል፣ በከፊል ተቀብሏል፣ አልተቀበለም ብላችሁ ምልክት አድርጉ። «እናስብበታለን» ያሉትን ለብቻ ጻፉ። ስድስት ወር ቆይታችሁ ያንኑ ዝርዝር ለተወካያችሁ ላኩና እያንዳንዱ የት እንደደረሰ በጽሑፍ እንዲጠይቅላችሁ አድርጉ። ኮሚቴው በጉዳዩ ላይ አዲስ ጥሪ ሲያወጣ የፊቱን ሪፖርት አንቀጽ ቁጥርና የመንግሥትን መልስ ጠቅሳችሁ ከዚያ ጀምሩ።