ስክሪኑ ጨለማ ሲሆን «ተቃጥሏል» ከማለታችሁ በፊት

የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ከማርቆስም ይደወል ከእንጅባራ፣ በብዛት የምሰማው ይሄንኑ ነው። ቀጥሎ ደግሞ «ቦርዱ ተቃጥሏል ተባልኩ፣ ሌላ ልግዛ?» ይመጣል። ኧረ ቆዩ! ቦርድ (ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ይቃጠላል፣ ግን እዚያ የሚደረሰው ሌላው ሁሉ ተፈትሾ ሲያልቅ ነው። የቤት ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የላላ ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝባት ቀጭን ካርድ)፣ የተጎዳ ገመድ ወይም የመብራት ጣጣ ነው። ይሄን ደግሞ አንድ ካቻቢቴና ትንሽ ትዕግሥት ያለው ሰው ራሱ ሊለየው ይችላል።

ከመብራቱ እንጀምር። ጭራሽ የማይነሳ ከሆነ መጀመሪያ ሶኬቱንና ዲቫይደሩን በስልክ ቻርጀር ሞክሩ። ቀጥሎ ገመዱን። የሞኒተሩና የካሲንጉ (የኮምፒውተሩ ሣጥን) የመብራት ገመድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ አቀያይሩና እዩት፤ ምንም ሳትገዙ ገመዱ ጤነኛ መሆኑን ታውቃላችሁ። ከካሲንጉ ኋላ ያለችው ማብሪያ ማጥፊያም ተዘግታ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ደህና ከሆኑ ገመዱን ንቀሉና የማስነሻ ቁልፉን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ውስጥ የቀረው ኃይል ይወጣል። ከዚያ ሰክታችሁ እንደገና ሞክሩ። ያገለገለ ዴስክቶፕ ከገዛችሁ ደግሞ ፓወር ሳፕላዩ (የመብራት ገመዱ የሚሰካበት ክፍል) ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ እንዳለ እዩ። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ስለሆነ 230 ላይ መሆን አለበት። 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ፓወር ሳፕላዩ እዚያው ይፈነዳል። ፓወር ሳፕላዩን ራሱን ግን በፍጹም አትክፈቱት፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ሰው የሚጎዳ ኃይል ይዞ ይቆያል።

ክረምት ላይ የጎጃምን ነጎድጓድ ታውቁታላችሁ። ስታቢላይዘር የቮልቴጁን መውጣትና መውረድ ያስተካክላል እንጂ መብረቅ አያስቆምም። ሰማዩ ሲጠቁር የመብራቱንም የኢንተርኔቱንም ገመድ ንቀሉ፤ መብረቅ በኔትወርክ ገመድም ይገባል፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። መብራት ሲሄድም እንዲሁ። ዕቃውን የሚጎዳው መሄዱ ብቻ አይደለም፣ ተመልሶ ሲመጣ ያለው መንገጫገጭም ነው። ስለዚህ ነቅላችሁ ጠብቁ፣ መጥቶ ረጋ ሲል ሰኩ። አቅም ካላችሁ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ግዙ፣ ሥራችሁን አስቀምጣችሁ በሥርዓት ለማጥፋት ጊዜ ይሰጣችኋል።

አሁን ወደ ስክሪኑ። «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሑፍ ካሳየ ሞኒተሩ በሕይወት አለ፣ ምስል ያልደረሰው ከሌላ ቦታ ነው። በሞኒተሩ ቁልፎች ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ኢንፑቱ (ምስሉ የሚገባበት መሰኪያ ምርጫ) የሰካችሁበት ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ኤችዲኤምአይና ቪጂኤ የምስል መሰኪያ ዓይነቶች ናቸው፤ በኤችዲኤምአይ ሰክታችሁ ቪጂኤ ላይ ቆሞ ከሆነ እስከ ነገ ብትጠብቁ ምስል አይመጣም። ካሲንጉ ለብቻው የገባ ግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚያወጣ ካርድ) ካለው ገመዱን ካርዱ ላይ ሰኩት እንጂ ከላይ ቦርዱ ላይ ባለው አይደለም፤ ካርድ ሲገባ የቦርዱ መውጫ ብዙ ጊዜ ይዘጋል።

ምስሉ መጥቶ ቀለሙ ከተበላሸስ? ቪጂኤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን በተለያየ ፒን ነው የሚያስተላልፈው። ነጩ ገጽ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ካደላ ቀዩ አልደረሰም ማለት ነው፤ ቢጫ ከሆነ ሰማያዊው፣ ሮዝና ወይን ጠጅ ከሆነ አረንጓዴው። ገመዱን አውጥታችሁ የተጣመመ ፒን ካለ በቀስታ አቅኑት፣ መልሳችሁ ስትሰኩ የግራና የቀኙን ብሎን አጥብቁ። መሃለኛው ረድፍ ላይ አንድ ፒን ብትጎድል ግን አትደንግጡ፣ ብዙ ገመድ ከፋብሪካው ሲወጣ እንደዚያ ነው።

ሞኒተሩ በርቶ ጥቁር ብቻ ከሆነ ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን ባትሪ ከጎን ስክሪኑ ላይ አብሩ። ደብዘዝ ያለ ምስል ከታያችሁ ስክሪኑ እየሠራ ነው፣ የሞተው ከጀርባ የሚያበራው መብራት ነው። ያ ሞኒተሩን ማስጠገን ነው፣ ኮምፒውተሩን አትነካኩት።

ራም ላይ ጊዜ ወስጄ ልናገር፣ ምክንያቱም ከዚህ ሁሉ ብዙ ሰው የሚያድነው እሱ ነው። ቡሬ ያለችው አክስቴ ደውላ «ልጄ፣ ይሄ ኮምፒውተር ሞተብኝ» አለችኝ።

«አክስቴ፣ ድምፅ ያሰማል?»

«ጢጥ፣ ጢጥ ይላል እንጂ ሌላ የለም።»

ጢጥታው ትልቅ ፍንጭ ነው። ትርጉሙ እንደ ቦርዱ ሠሪ ይለያያል፣ ግን ተደጋግሞ ሲሰማና ስክሪኑ ጨለማ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራም ነው። ገመዱን ንቀሉ። የካሲንጉን ብረት በእጃችሁ ንኩ፣ በሰውነታችሁ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ቺፑን እንዳይጎዳ ነው። በራሙ ጫፍ ያሉትን መያዣዎች ወደ ውጭ ገፋ ስታደርጉ ራሙ ብድግ ይላል። ዳርና ዳሩን ይዛችሁ አውጡት። ታች ያሉት ወርቃማ ጥርሶች ደብዝዘው ወይም አቧራ ይዘው ታገኟቸዋላችሁ። በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ሁለቱንም ጎን እሹ፣ ፍርፋሪውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አራግፉ፣ ማስገቢያውንም እንዲሁ። ስትመልሱት መሃል ያለችው ቀዳዳ ከማስገቢያው ጉብታ ጋር ትግጠም። ከዚያ ሁለቱንም ጫፍ ቀጭ እስኪል ተጫኑ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይፈራና ሳይጨርስ ይተወዋል፣ በግማሽ የገባ ራም ግን አልገባም ማለት ነው። ሁለት ራም ካላችሁ አንድ በአንድ፣ ቦታም እየቀያየራችሁ ሞክሩ፤ የታመመው በዚህ ይለያል። የአክስቴ ኮምፒውተር የተነሳው የልጇ ላጲስ ነክቶት ነው።

ከከፈታችሁት አይቀር አቧራውንም አጽዱ። በበጋ የኮረኮንች አቧራ ማራገቢያው ላይ ይጋገራል። ባሕር ዳር ደግሞ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ራሱ ይበቃል። እየሠራ ድንገት የሚጠፋ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ሞቆት ነው። ስታጸዱ ማራገቢያውን በጣት ያዙት፣ በአየር ግፊት አይሽከርከር። የቆየ ማሽን ከሆነ ፕሮሰሰሩ (ዋናው ቺፕ) ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቆ ሊሆን ይችላልና አሮጌውን ጠርጋችሁ የስንዴ ቅንጣት ያህል አዲስ አድርጉ። ሰዓቱና ቀኑ በየጊዜው ወደ ድሮ ከተመለሰ ቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ሲአር2032 ትባላለች፣ ሰዓት ጠጋኞች ጋ አታጡም። ቀኑ ሲሳሳት ድረ ገጾችም አንከፈትም ይላሉ፣ ሰው ግን ኢንተርኔቱን ይወቅሳል።

ገንዘብ አውጥታችሁ ማሻሻል ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ግዙ። በዚህ አልደራደርም። ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ነው የሚያነበው፣ ሳታ በሚባለው ገመድ የሚሰካው ተራው ኤስኤስዲ 500 ይሻገራል። ትንንሽ ፋይሎችን ፈልጎ በማንሳት ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም በጣም ይሰፋል፣ ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያዘገየው እሱ ነው። ሳታ ገመድ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ሁሉ ይቀበለዋል። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አትጣሉት፣ ለፊልምና ለፎቶ ማስቀመጫ ይሁን። ቦርዱ ላይ በቀጥታ የምትሰካውን ቀጭን ኤስኤስዲ፣ ኤም ዶት ቱ የምትባለውን፣ የምትገዙ ከሆነ ግን ቦርዳችሁ የሚቀበለው የሳታውን ዓይነት ይሁን ፈጣኑን ኤንቪኤምኢ አስቀድማችሁ አጣሩ፣ ሁለቱ መልካቸው ይመሳሰላል።

ቀጥሎ ራም ጨምሩ። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች አይተካኩም፤ የዴስክቶፑ ዲዲአር3 ባለ 240 ፒን ነው፣ ዲዲአር4 ባለ 288፣ ቀዳዳቸውም ቦታው ይለያያል። ከ4 ወደ 8 ጊጋ መሄድ ጥሩ ለውጥ አለው፣ የጫናችሁት ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ከሆነ ግን ከ4 በላይ አይጠቀምምና መጀመሪያ እሱን ቀይሩ። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) ይፈልጋል፣ በኢንቴል በኩል ደግሞ ከጥቂቶች በቀር 8ኛ ትውልድ ፕሮሰሰርና ከዚያ በላይ። አሮጌ ማሽን ይዛችሁ ማሻሻያ ላይ ብዙ ከማፍሰሳችሁ በፊት ይሄን አስቡ። በዊንዶውስ ፈንታ ሊነክስ የሚባለውን ሲስተም የለመደ ሰው ግን ብዙ ዓመት ይቀጥላል።

አዳፕተር (አንዱን መሰኪያ ወደ ሌላው የሚቀይር) ስትገዙ አቅጣጫውን ተናገሩ። «ከኮምፒውተሩ ኤችዲኤምአይ ወደ ሞኒተሩ ቪጂኤ» ብላችሁ ጠይቁ። የዚህ ግልባጭ ሌላ ዕቃ ነው፣ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ያገለገለ ዲስክ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እዚያው ሱቅ ውስጥ ጤናውን እዩ፣ ሳያሳይ የሚሸጥ ነጋዴ ካለ ተዉት።

የተቃጠለ ከሸተታችሁ፣ ወይም ቦርዱ ላይ ያሉት ትንንሽ በርሜሎች አናታቸው ካበጠ፣ ያኔ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት። ከሞጣ ወይም ከቢቸና ወደ ባሕር ዳር በመኪና የምትልኩ ከሆነ ዲስኩን አውጥታችሁ ቤት አስቀሩት፣ የቦርዱንና የራሙን ፎቶ አንሱ፣ የሞከራችሁትን ሁሉ በወረቀት ጽፋችሁ ካሲንጉ ላይ ለጥፉ። ጠጋኙ እዚያ ላይ «ራም ተጸድቷል፣ ገመድ ተቀይሯል፣ አሁንም ጢጥ ይላል» የሚል ካየ ከዜሮ አይጀምርም፣ ለዚያም አያስከፍላችሁም።