ለልጄ የሚሆን የቡድን ክፍል ያገኘሁበት መንገድ

ልጄ 2 ዓመት አልፎታል። ንግግሩም እርምጃውም ከእኩዮቹ ዘግየት ይላል። በዕድሜው የተመደበበት የጨዋታ ቡድን ውስጥ ሌሎቹ ሲሯሯጡ እሱ ጥግ ይዞ ጆሮውን ይደፍን ነበር።

መፍትሔው የመጣው ፍለጋውን ከዕድሜ ወደ ችሎታ ሳዞረው ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያዋን "አሁን ምን ማድረግ ይችላል?" ብዬ ጠየቅኳት። "ቁጭ ማለት፣ ማጨብጨብ፣ የሰው እንቅስቃሴ መኮረጅ" አለችኝ። ይህን ይዤ ስፈልግ ሕፃናት ከወላጅ ጋር የሚገቡበት የሙዚቃ ክፍል አገኘሁ። ልጆቹ ጥቂት ናቸው። ሁሌም በዚያው ዘፈን ይጀመራል፣ በዚያው ዘፈን ያልቃል። ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው።

ከመመዝገቤ በፊት ለአስተማሪዋ ሁሉንም ነገርኳት። "መሃል ላይ ይዤው ብወጣ ችግር አለው?" አልኳት። "ኧረ ምንም! ሲረጋጋ ትመለሳላችሁ" አለችኝ። ይህን የማይፈቅድ ክፍል ቢቀር ይሻላል ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ዳር ቁጭ ብለን አየን ብቻ። አሁንም ቀደም ብለን እንደርሳለን፤ ጫጫታው ሳይጀምር ክፍሉን ይላመደዋል። ከበሮው ሲዞር እጁን ይዘረጋል። የንግግር ሕክምናውን ግን አላቋረጥንም፤ የሙዚቃ ክፍሉ ሕክምናን አይተካም።