ሚሌ ሚሊያን ማየት ካማራችሁ መነሻውን አትጠብቁ

ሚላን ወይም አካባቢዋ ያላችሁ የድሮ መኪና ወዳጆች፣ ይቺን ያዙልኝ። ሚሌ ሚሊያ የሚባለው የጣሊያን የድሮ መኪኖች ውድድር ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጁን ላይ ከብሬሻ ከተማ ይነሳል። ብዙ ሰው የሚሄደው መነሻውን ለማየት ነው። እዚያ ግን መኪናው ሽው ብሎ ያልፋል፤ የምታዩት የሰው ጀርባ ነው።

ይልቅ ቀደም ብላችሁ ብሬሻ ውስጥ ያለው አደባባይ፣ ፒያሳ ዴላ ቪቶሪያ ሂዱ። መኪኖቹ ተመርምረው መሪያቸው ላይ የእርሳስ ብረት ማኅተም የሚደረገው እዚያ ነው። ቆመው ተራ ስለሚጠብቁ ዙሪያቸውን ተዘዋውራችሁ ማየት ትችላላችሁ።

መርሴዲስ 300 ኤስኤል ካገኛችሁ በሩ ሲከፈት ጠብቁ። ወደ ላይ የሚከፈተው ለውበት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የብረት ቱቦ ሻንሲው በጎን በኩል ከፍ ስለሚል ተራ በር አያስገጥምም። ሾፌሩ ሲገባ እግሩን እንዴት እንደሚያነሳ ማየት ራሱ ትርኢት ነው!

ኮፈን ሲከፈት ጠጋ በሉ፣ ግን አትንኩ። የብዙዎቹ አካል ስስ አሉሚኒየም ነው፤ በክርን እንኳ ይሰረጎዳል። ባለቤቱን በትህትና ጠይቁት። አብዛኞቹ ስለ መኪናቸው ማውራት ነፍሳቸው ነው።

በነገራችን ላይ፣ በ1955 እንግሊዛዊው ተወዳዳሪ ስተርሊንግ ሞስ ሚሌ ሚሊያን ያሸነፈበት መርሴዲስ ላይ 722 የተጻፈው በዋዛ አይደለም። ከጠዋቱ 1፡22፣ በጣሊያኖቹ ሰዓት 7፡22 ላይ ተነሳ ማለት ነው። 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማውን በ10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ጨረሰው። የዛሬው ግን የፍጥነት ውድድር አይደለም፤ የተመደበን ሰዓት ጠብቆ መድረስ ነው።