ልጅዎ በወንጀል ተጠርጥሮ ሲያዝ፦ ለጎንደር ወላጆች

ልጁ በፖሊስ መያዙን የሰማ ወላጅ መጀመሪያ የሚሮጠው ብዙ ጊዜ ዋስ ወይም ከሳሽን የሚለምን ሽማግሌ ፍለጋ ነው፤ እኔ ግን አስቀድመው የዕድሜውን ማስረጃ ይዘው እንዲወጡ እመክራለሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጨርሶ በወንጀል አይጠይቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን «ወጣት ጥፋተኛ» ብሎ ለይቶ ይዳኛል፤ 15 ያለፈው ግን 18 ባይሞላውም፣ ቅጣቱ ሊቀልለት ቢችልም፣ በመደበኛው ድንጋጌ ይጠየቃል። የሚታየውም ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን የነበረው ዕድሜ ነው።

ፒያሳ አካባቢ ጫማ የሚጠርግ ቁመተ ረጅም ልጅ በዓይን ግምት «17» ተብሎ መዝገብ ላይ ከሰፈረ፣ ያን ቁጥር የማስነሣቱ ሥራ በወላጁ ላይ ይወድቃል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በቀበሌ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ በፊት ለተወለደ ልጅ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ወይም የክርስትና ካርድ ይፈልጉ። በክርስትና ካርዱ ላይ ያለው የጥምቀቱ ቀን ከሆነ፣ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ ልደቱ ወደ ኋላ ይቆጠራል፤ ሒሳቡ ልጁን በዕድሜ ከፍ የሚያደርግ ቢሆንም ዐቃቤ ሕግ ሳያነሣው እርስዎ ቢያውቁት ይሻላል። ሰነድ ከጠፋ በሐኪም እንዲታይ ፍርድ ቤቱን ይጠይቁ፤ ውጤቱ ግን ግምት መሆኑን አይርሱ።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 172 ወጣቱ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ስለሚያዝ፣ ጣቢያ ላይ «ነገ ተመለሱ» ቢባሉ ይህንኑ አንቀጽ በትሕትና ይጥቀሱ። ነገሩ በቀጠሮ ከተላለፈ ልጁ ለወላጅ፣ ለአሳዳሪ ወይም ለዘመድ ይሰጣል፤ ተረካቢውም በቀጠሮው ቀን የማቅረብ ኃላፊነት አለበት። ከአዋቂ እስረኞች ተለይቶ መያዝ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የተጠበቀ መብቱ ነው።

ነገሩ የሚታየው በዝግ ስለሆነ ጎረቤት አስከትለው አይሂዱ፤ ይልቁንም የክፍል አስተማሪውን ስለ ጠባዩ እንዲያስረዱ ይጠይቋቸው። ዳኛው ልጁን ገሥጾ መልቀቅ፣ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ተወስኖ እንዲቆይ ማዘዝ፣ በክትትል ሥር ማስተማር ወይም ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም መላክ ይችላሉና፣ ማን እንደሚከታተለው፣ የት እንደሚያድርና ከትምህርት በኋላ የት እንደሚውል በአንድ ገጽ ጽፈው ይዘው ይቅረቡ። ለጽሑፉም ሆነ ለክርክሩ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ትእዛዙ ከተሰጠ በኋላ የልጁ ሁኔታ ቢለወጥ እንዲሻሻል ለዚያው ፍርድ ቤት ማመልከት ስለሚቻል የውሳኔውን ግልባጭ ሳይቀበሉ አይውጡ።